«ሞቷል» የተባለው የጊታር አምፕ፦ ያገለገለ ባለ ትራንዚስተር አምፕሊፋየር እንዴት ይፈተሻል? እንዴትስ ይጠገናል?



በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከተሰበሩ ወንበሮችና ከድሮ መጋረጃዎች ሥር፣ አንድ የጊታር አምፕሊፋየር አይጠፋም። ላዩ ላይ በማርከር «የተበላሸ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከየት እንደመጣ ሲጠየቅ መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ በውጭ አገር የሚኖር ወንድም ወይም የምትኖር እኅት ያገለገለ ገዝተው፣ ለመዝሙር ክፍሉ ይሁን ብለው ያመጡት ነው። ጥቂት ወራት አገለገለ፣ ድምፁ ጠፋ፣ ከዚያ ዕቃ ቤት ገባ።

እኔ መጋቢ እንጂ የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ የመዝሙር ክፍሉን መሣሪያ የሚጠግን ሰው ስላልነበረን ካውያና ሊድ ያዝኩ፤ ከዚያ ወዲህ ሥራው እጄን አልለቀቀውም። በእነዚህ ዓመታት ያስተዋልኩት ነገር ቢኖር፣ «ሞቷል» ተብለው ከመጡልኝ አምፕሊፋየሮች የሚበዙት አለመሞታቸውን ነው። የያዛቸው የቆሸሸ መገናኛ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም ዕድሜውን የጨረሰ ካፓሲተር ነበር። በእውነት ከሞቱት መካከል ደግሞ ብዙዎቹን የገደልናቸው እኛው ነን። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ለጊታሪስቶች፣ በድምፅ ክፍል ለምታገለግሉ ወጣቶች፣ እንዲሁም ከውጭ ዕቃ ለምትልኩ ወገኖች ነው።

ስለ የትኛው አምፕ ነው የምናወራው?

የጊታር አምፕ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የብርጭቆ ቱዩብ ያለው ነው። በውስጡ ከ300 እስከ 500 ቮልት ስለሚገኝ ልምድ የሌለው ሰው ባይከፍተው ይመረጣል፤ ስለ እርሱ እዚህ አልጽፍም። ሁለተኛው በትራንዚስተር የሚሠራው ነው። ከእነዚህ መካከል ስመ ጥር የሆነው እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የጃፓኑ ሮላንድ ጄሲ 120 ሲሆን፣ ሁለት ባለ 12 ኢንች ስፒከር አለው፤ እያንዳንዱም ስፒከር የራሱ 60 ዋት ማጉያ አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 በአሜሪካ ሚሲሲፒ ግዛት፣ በሜሪዲያን ከተማ የተመሠረተው ፒቪ ደግሞ በ1980ዎቹ ባንዲት የተባለውን ሞዴል አወጣ፤ ያገለገለ ዕቃ ገበያ ላይ ዛሬም በቀላሉ ይገኛል።

እነዚህ የድሮ አምፖች ትልቅ በጎነት አላቸው። ሲከፈቱ እያንዳንዱ ዕቃ በዓይን ይታያል፣ በጣት ይያዛል፣ በተራ ካውያ ይነቀላል። እንደ ዛሬዎቹ የሰናፍጭ ቅንጣት የሚያካክሉ ዕቃዎች አይደሉም። እኔ ካልተነካካ አዲስ ርካሽ አምፕ ይልቅ በደንብ የተያዘ የሠላሳ ዓመት አምፕ እመርጣለሁ።

ሻጩ ስለ ዕድሜው የሚነግራችሁን ማመን አይጠበቅባችሁም። የስፒከሩን ጀርባና የማዞሪያዎቹን ጎን ተመልከቱ። 67-8423 የሚል ቁጥር ብታገኙ፣ 67 ስፒከሩን የሠራው ኤሚነንስ መሆኑን፣ 84 ዓመቱ 1984 እ.ኤ.አ. መሆኑን፣ 23 ደግሞ የዓመቱን ሳምንት ያመለክታል። በ137 የሚጀምር ከሆነ ሲቲኤስ የተባለው ፋብሪካ ነው። የማዞሪያዎቹና የስፒከሩ ዓመት በጣም ከተራራቀ ስፒከሩ አንድ ጊዜ ተቀይሯል ማለት ነው፤ ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ።

ከመሰካታችሁ በፊት አንብቡ

አንድ ጊዜ አንዲት እኅት ከአሜሪካ በብዙ ድካም አንድ አምፕ ይዛልን መጣች። እሑድ ጠዋት ነበር፤ ጉባኤው ሊጀመር ደቂቃዎች ቀርተዋል፤ ወጣቶቹ ጓጉተዋል። እኔ ራሴ ስፒናውን በማስተላለፊያ አድርጌ ሰካሁት። ለጥቂት ሰከንድ ከወትሮው የበረታ ጉምጉምታ ተሰማ፣ ከዚያ የተቃጠለ ሽታ፣ ከዚያ ጭስ። ጀርባው ላይ «120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ» ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። አላነበብኩትም። የአገራችን መብራት ደግሞ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ፊውዙ ተቃጥሎ አምፑን ያተርፈው ነበር። ከፍተን ስናይ ግን ከእኛ በፊት የነበረው ባለቤት የተቃጠለውን ፊውዝ በሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መልሶታል። ፊውዙ መቃጠል ስላልቻለ በእርሱ ፈንታ ትራንስፎርመሩ ተቃጠለ። የዚያ ትራንስፎርመር ዋጋ ከመላኪያው ጋር ሲደመር ከአምፑ ዋጋ በለጠ። ለዚያች እኅት እውነቱን መናገር ከሁሉ ከብዶኝ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጀርባውን ማንበብ ነው። ቀጥሎም ሳትሰኩ ፊውዙን አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ በላዩ የተጻፈው አምፒር አምፑ ላይ ከተጻፈው ጋር እኩል መሆን አለበት። የሚበልጥ ፊውዝ ማስገባት ወረቀት ከመጠቅለል የሚለየው በመጠን ብቻ ነው። አምፑ የ120 ቮልት ከሆነ ከ220 የሚያወርድ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። የስቴፕ ዳውኑ ዋት አምፑ ከሚበላው ቢያንስ በግማሽ ይብለጥ፤ አምፑ 200 ዋት ይበላል የሚል ከሆነ 300 እና ከዚያ በላይ ውሰዱ። የ60 ኸርዙ ነገር ብዙ አያሳስብም፤ በ50 ኸርዝ ትራንስፎርመሩ ትንሽ ሞቅ ይላል እንጂ ይሠራል።

ገበያ ላይ ያሉ ብዙ ስቴፕ ዳውኖች ግን አንድ ጉድለት አለባቸው፤ መውጫቸው ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው፣ ኧርዝ የለውም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከንፈሩን ኤሌክትሪክ የነዘረው ዘማሪ

ጊታር እየመታ የሚዘምር ወንድም ከንፈሩ ማይኩን ሲነካ ኤሌክትሪክ ሲነዝረው አይታችሁ ይሆናል። ብዙ ጊዜ በሳቅ ይታለፋል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የጊታሩ ሽቦዎች በኬብሉ በኩል ከአምፑ ብረት ጋር የተገናኙ ናቸው፤ ማይኩ ደግሞ በሚክሰሩ በኩል ከሌላ ኧርዝ ጋር ተገናኝቷል። አምፑ ኧርዝ ከሌለው ብረቱ ላይ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ መውረጃ ሲያጣ በእጅና በከንፈር መካከል ባለው ሰው በኩል ያልፋል።

በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በተሠሩ አንዳንድ የአሜሪካ አምፖች ላይ ነገሩ ይብሳል። ጀርባቸው ላይ «ግራውንድ» የሚል ማብሪያ ካያችሁ፣ ውስጡ ከመብራቱ መስመር ወደ አምፑ ብረት የሚሄድ አንድ ካፓሲተር ይኖራል። ያ ካፓሲተር በእርጅና ከተነካካ ሙሉው የመብራት ቮልቴጅ ብረቱ ላይ፣ ከዚያም የጊታሩ ሽቦ ላይ ይወጣል። ጠጋኞች «የሞት ካፓሲተር» የሚሉት በከንቱ አይደለም። ባለሙያ አውጥቶት ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ ከእውነተኛ ኧርዝ ጋር ያስገባላችሁ። ይህ ሳይደረግ እንዲህ ያለውን አምፕ መድረክ ላይ አልፈቅድም።

ፍተሻው ቀላል ነው። ቴስተሩን በኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ በጊታሩ ሽቦ፣ ሌላውን በማይኩ ወንፊት ላይ አሳርፉ። ከጥቂት ቮልት በላይ ካሳየ ከሁለቱ አንዱ ኧርዝ አልያዘም፤ ሳይስተካከል አትዘምሩ። «ኡምምም» የሚለውን ድምፅ ለማጥፋት ብሎ የኧርዙን እግር የሚቆርጥ ሰው ካለም ከልክሉት። ለዚያ ችግር መፍትሔው አምፑንና ሚክሰሩን ከአንድ ማከፋፈያ ላይ መሰካት ነው።

ሳይከፈት የሚድነው

አሁን ወደ ጥገናው እንግባ። ድምፅ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ ሌላ ኬብል፣ ሌላ ጊታር ሞክሩ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ሙሉ ከሰዓት አምፕ ፈትቼ ስመረምር ቆይቼ ጥፋቱ ኬብሉ ሆኖ ተገኝቷል።

ከዚያ የአምፑን ጀርባ ተመልከቱ። በብዙዎቹ ላይ «ሴንድ» እና «ሪተርን»፣ ወይም «ፕሪአምፕ አውት» እና «ፓወር አምፕ ኢን» የሚሉ ሁለት የጃክ ቀዳዳዎች አሉ። ምንም ሳይሰካባቸው ሲቀር ድምፁ ከፊተኛው ክፍል ወደ ኋለኛው የሚያልፈው በሪተርኑ ቀዳዳ ውስጥ ባለች አንዲት የብረት ምላስ በኩል ነው። ምላሷ ስትዝግ ወይም አቧራ ሲይዛት ድምፁ እዚያው ይቆማል፤ ወይም እየመጣ ይሄዳል፤ ወይም ሲመቱት ብቻ ይመጣል። አጭር የጊታር ኬብል ወስዳችሁ ሴንዱን ከሪተርኑ ጋር አገናኙ። ድምፁ ከተመለሰ በሽታው ተገኘ። መገናኛ የሚያጸዳ ስፕሬይ በቀዳዳው ነፍታችሁ ጃኩን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ሰክታችሁ ንቀሉ። «የተበላሸ» ከተባሉ አምፖች ስንቶቹ በዚህ ብቻ እንደተነሡ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ያለውም አምፕ እንደዚሁ ነው፤ የዚያ ቀዳዳ ምላስ ከቆሸሸ ስፒከሩ ዝም ይላል።

ሁለቱ ቀዳዳዎች ሌላም ጥቅም አላቸው። የስልካችሁን ሙዚቃ ዝቅ አድርጋችሁ በሪተርኑ አስገቡ። ከስፒከሩ ከወጣ የኋለኛው ክፍልና ስፒከሩ ጤነኞች ናቸው፣ ፍለጋው ወደ ፊተኛው ክፍል ይሄዳል። ካልወጣ ተቃራኒው ነው። ካውያ ሳይነካ ችግሩ በግማሽ ጠበበ።

ማዞሪያው ሲዞር «ክርርክ» የሚል ከሆነም ስፕሬዩ ይፈውሰዋል። ነገር ግን ለማጠፊያና ለዝገት የሚሸጠውን ተራ ዘይት አትጠቀሙ፤ ለኤሌክትሮኒክስ መገናኛ ተብሎ የተሠራውን ብቻ።

ሲከፈት

ስፒናው ይነቀል። ይህ በቂ አይደለም፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ ይይዛሉ። 1,000 ኦም፣ 5 ዋት የሆነ ሬዚስተር በተሸፈነ ፒንሳ ይዛችሁ በሁለቱ እግሮቻቸው ላይ ቆየት አድርጋችሁ አሳርፉ፤ ከዚያ በቴስተር ባዶ መሆናቸውን አረጋግጡ። በካቻቢቴ አገናኝቶ ብልጭ ማድረግ የብዙዎች ልማድ ነው፤ ካፓሲተሩንም ዓይናችሁንም ይጎዳል።

ከዚያ መብራት አብርታችሁ ዝም ብላችሁ እዩ። አሮጌ ብየዳ ሲሰነጠቅ በእግሩ ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት ይሠራል። ቀለበቱን ብዙ ጊዜ የምታገኙት በሦስት ቦታ ነው፦ ኬብል በሚሰካበት የጃክ መግቢያ፣ በማዞሪያዎቹ እግሮች፣ እንዲሁም በሚግሉ ትልልቅ ሬዚስተሮች ሥር። ካውያውን አስጠግታችሁ ትንሽ አዲስ ሊድ ጨምሩበት። ስለ መጨረሻው ቦታ አንድ ነገር ልጨምር። ፊተኛው ክፍል ውስጥ ያሉት እንደ 4558 እና ቲኤል 072 ያሉ ትንንሽ አይሲዎች የሚሠሩት በፕላስና ማይነስ 15 ቮልት ገደማ ነው። ይህን ቮልቴጅ የሚያወርዱት ሬዚስተሮች ሲግሉ ኖረው ብየዳቸው ከለቀቀ ከሁለቱ አንዱ ይጠፋል፤ ድምፁም ቀጭንና የተቀደደ ይሆናል። ሰው «ስፒከሩ ተቀዷል» ይላል። ስፒከሩ ግን ምንም አልሆነም።

የጉምጉምታው ነገር ደግሞ በጆሮ ይለያል። ሁሉንም ማዞሪያ ዜሮ አድርጋችሁ ጉምጉምታው ካልቀነሰ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ደርቀዋል ማለት ነው። ከቮልዩሙ ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ግን ምንጩ ከቮልዩሙ በፊት ነው፤ ኬብልና ጊታር ጭምር። ካፓሲተር ሲቀየር ማይክሮፋራዱ ያው ይሁን፣ ቮልቱ ያው ወይም የሚበልጥ ይሁን፤ 4,700 ማይክሮፋራድ 50 ቮልት በነበረበት 63 ቮልቱን ማስገባት ይቻላል። ማይነሱ የተጻፈበትን ጎን አትሳቱ፤ ተገልብጦ የገባ ካፓሲተር ይፈነዳል።

ፊውዙ ደጋግሞ ሲቃጠል

እዚህ ነው ትዕግሥት የሚያስፈልገው። ፊውዝ ያለ ምክንያት አይቃጠልም። አንድ ቀይራችሁ ሁለተኛውም ከተቃጠለ ሦስተኛውን አትግዙ፤ አምፖል ግዙ። የምለው የድሮውን፣ ሽቦው የሚግለውን፣ 60 ወይም 100 ዋት አምፖል ነው እንጂ ኤልኢዲውን አይደለም። ይህ አምፖል በሳጥን ላይ ተገጥሞ በመብራቱ መስመርና በአምፑ መካከል በተከታታይ እንዲገባ ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ። አምፑ የ120 ቮልት ከሆነ አምፖሉ ከስቴፕ ዳውኑ በፊት፣ በ220ው በኩል ይግባ። ስትለኩሱት አምፖሉ አንዴ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ አምፑ ጤነኛ ነው። ደምቆ ከቀረ ውስጡ የተነካካ ነገር አለ፤ ነገር ግን አምፖሉ ኃይሉን ስለያዘው የሚቃጠል ዕቃ የለም። የዚህን አምፖል ዋጋ ከአንድ ትራንስፎርመር ዋጋ ጋር አስተያዩት።

ደምቆ ከቀረ የመጀመሪያ ተጠርጣሪዎች በትልቁ አልሙኒየም ላይ የታሰሩት የመጨረሻ ትራንዚስተሮች ናቸው። ስፒከሩን አላቅቃችሁ፣ በአምፖሉ በኩል ለኩሳችሁ፣ በሁለቱ የስፒከር ሽቦዎች መካከል ዲሲ ቮልት ለኩ። ከ0.1 ቮልት በታች መሆን አለበት። 30 ወይም 40 ቮልት ካያችሁ ትራንዚስተሩ ተነካክቷል፤ በዚያ ሁኔታ ስፒከር ብታገናኙ የስፒከሩ ጥቅልል በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። ብዙ ወጣቶች «ስፒከሩ ነው» ብለው አዲስ ገዝተው ሲያገናኙ አዲሱም የሚቃጠለው ለዚህ ነው።

ነቅላችሁ፣ ካፓሲተሮቹን ባዶ አድርጋችሁ፣ ትራንዚስተሩን በቴስተር ፈትሹ። በኮሌክተሩና በኤሚተሩ መካከል በሁለቱም አቅጣጫ ወደ ዜሮ የሚጠጋ ከሆነ ሞቷል። ጥንዱንም አብራችሁ ቀይሩ፤ ከአጠገባቸው ያሉትን ዝቅተኛ ኦም ያላቸው ሬዚስተሮችና የሚነዷቸውን ትንንሽ ትራንዚስተሮችም ሳትፈትሹ አትዝጉ። አንዱ ሲሞት ጎረቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ከሥሩ ያለችውን ስስ ማይካና ነጩን ቅባት መልሱ፤ ማይካው ካለ፣ ከገጠማችሁ በኋላ ትራንዚስተሩ ከአልሙኒየሙ ጋር እንዳልተነካካ ለኩ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እንደ 2ኤን3055 ያሉ ታዋቂ ትራንዚስተሮች አስመስለው የተሠሩ በየገበያው ሞልተዋል፤ መርካቶም ሆነ ኢንተርኔት ላይ። ዋጋው ለማመን የሚከብድ ርካሽ ከሆነ አትመኑት። ውጭ ያላችሁ ወገኖች ከታወቀ አከፋፋይ ገዝታችሁ አራት ፍሬ በፖስታ ብትልኩ ሁለተኛ አምፕ ከመላክ የበለጠ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ስፒከርና ሪቨርብ

ስፒከሩን በ1.5 ቮልት የራዲዮ ባትሪ ፈትሹት፤ ስታስነኩት «ጧ» ብሎ ወረቀቱ ከተንቀሳቀሰ ሕያው ነው። 8 ኦም የተባለው በቴስተር 6 ወይም 7 ያህል ያሳያል፤ ይህ ጉድለት አይደለም። ተጨማሪ ስፒከር ስታገናኙ ግን አምፑ ጀርባ ላይ ከተጻፈው ኦም በታች አትውረዱ።

ሪቨርቡ ዝም ካለ አምፑን በጎኑ ቀስ ብላችሁ መታ አድርጉት። የስፕሪንግ «ሽንንግ» ከተሰማ የመመለሻው መስመር ደህና ነው፤ ችግሩ በመላኪያው በኩል ነው። ምንም ካልተሰማ ከሥር ባለው ሳጥን ውስጥ ያሉትን ፀጉር የሚያካክሉ ሽቦዎች ተመልከቱ፤ አንዷ ተበጥሳ ትገኛለች።

መቼ ነው መተው ያለበት?

ትራንስፎርመሩ ከተቃጠለ፣ ወይም ቦርዱ ራሱ ከከሰለ፣ ብዙ ጊዜ ጥገናው አያዋጣም። ከመግዛታችሁ በፊት አምፑን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት አስነኩት፤ በርካታ ጥፋቶች የሚወጡት ሲሞቅ ነው። ሁሉንም ማዞሪያ አዙሩ፣ ሁሉንም ቀዳዳ ሞክሩ፣ አሽትቱት። «ድምፁ ትንሽ ይቆራረጣል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጠውን እኔ ደስ ብሎኝ እገዛለሁ፤ «ፊውዙ ብቻ ነው የተቃጠለው» የሚባለውን ግን እተወዋለሁ። ለምትልኩ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፤ ከመላካችሁ በፊት ከስፒናው ገመድ ላይ «110 ቮልት ብቻ» የሚል ትልቅ ወረቀት እሰሩበት። ጀርባው ላይ የተጻፈውን እሑድ ጠዋት ማንም አያነበውም።

ያ በእጄ የተቃጠለው አምፕ ዛሬም ዕቃ ቤታችን ውስጥ አለ። ስፒከሩ ተነቅሎ ለሌላ አምፕ ሆኗል፤ ማዞሪያዎቹና የሪቨርብ ሳጥኑም እንደዚሁ። ሁለቱ የመጨረሻ ትራንዚስተሮቹ ጤነኛ ሆነው ስለተገኙ በወረቀት ጠቅልዬ፣ ቁጥራቸውን ጽፌ፣ በመሳቢያዬ አስቀምጫቸዋለሁ።